ኤልሳና የሰሜን ጠረፍ ሰዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ጎዳና መጨረሻው ሞያሌ ነው። ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት፤ አንዲቱ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዪቱ በኬንያ ትገኛለች። ወሰኑ የተወሰነው በ1907 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦረናው ግን ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ቦረና ነው፤ ገብራውም፣ ሶማሌውም፣ ቡርጂውም እንደዚሁ። ከኬንያዪቱ ሞያሌ የሚነሣው መንገድ ደግሞ የማርሳቢትን ተራራ አልፎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኢሲዮሎ ይደርሳል።

በዓለም ላይ ለሕፃናት ከሚነበቡት የጀብዱ ታሪኮች መካከል እጅግ ከታወቁት አንዱ የሆነው የኤልሳ ታሪክ የተጀመረው በዚህ ሰፊና ደረቅ ምድር ላይ ነው። ኤልሳ እንስት አንበሳ ነበረች። ታሪኳ በየአገሩ ሲነገር የአንዲት አንበሳና የአንድ ባልና ሚስት ወዳጅነት ብቻ ሆኖ ይነገራል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ነገሩ የተጀመረው አንድ ቦረና በአንበሳ ተበልቶ ከመሞቱ የተነሣ መሆኑን፣ የተፈጸመውም ፍየል ጠባቂዎች ባሰሙት አቤቱታ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ታሪኩን ከመካከሉ ብቻ ይዞ ዳርና ዳሩን መተው ለንባብ ያመች እንደ ሆነ እንጂ ለታሪክ አይበጅም።

እንግሊዞች ያን አገር የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ይሉት ነበር። ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ዋጂር፣ ማንዴራ፣ ጋሪሳና ኢሲዮሎ በዚሁ ውስጥ የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1926 ዓ.ም. አውራጃው የተዘጋ ግዛት ተብሎ ስለ ታወጀ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ያለ ፈቃድ መግባት፣ ነዋሪውም እንደ ልቡ መውጣት አይችልም ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ለቅኝ ገዥው መንግሥት አውራጃው ከኢትዮጵያና ከኢጣልያ ሶማሌ ጋር የሚያዋስን የጥበቃ መስክ እንጂ የልማት አገር አልነበረም። ሞያሌም በ1940 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ወድቃ በማግሥቱ ዓመት በተመለሰች ጊዜ፣ ስሟ በዓለም ጋዜጣ የተጠራው ስለ ምሽጓ እንጂ ስለ ሕዝቧ አልነበረም።

በዚህ አገር የዱር አራዊት ጥበቃ ሹም ሆነው ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ጆርጅ አዳምሰን ናቸው። በ1906 ዓ.ም. በሕንድ አገር ተወልደው፣ በ1924 ዓ.ም. ወደ ኬንያ መጥተው፣ ልዩ ልዩ ሥራ ከሞከሩ በኋላ በ1938 ዓ.ም. በአራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። መኖሪያቸው ኢሲዮሎ ነበረ። ሥራቸው የዝሆን ጥርስ የሚሹ አዳኞችን መከታተል፣ ሰውንና ከብትን የሚፈጅ አውሬ በተነሣም ጊዜ ሄዶ መግደል ነበር። አራዊትን መጠበቅና አራዊትን መግደል በአንድ ሹመት ተጣምረው ይገኙ ነበር ማለት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጆይ በ1910 ዓ.ም. በጊዜው የአውስትሪያ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በምትገኘው በትሮፓው ከተማ ተወለዱ፤ ወደ ኬንያ የመጡት በ1937 ዓ.ም. ነው። የአበባ ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ ኋላም የኬንያን ነገዶች ከነልብሳቸውና ከነጌጣቸው እየዞሩ ሥለዋል። ስለዚህ የአገሩን ሰው መልክ በሚገባ ያውቁ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ማለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ሚስተር ጆርጅ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሰው የበላ አንበሳ ፍለጋ ወጥተው ነበር። የተበላው ሰው ቦረና ነው። በአቅራቢያው ባሉ ኮረብቶች ውስጥ አሠሡን ሲከተሉ አንዲት እንስት አንበሳ ከድንጋይ ሥር ወጥታ ወረደችባቸው፤ ተኩሰውም ገደሏት። ሬሳዋን ቀርበው ባዩ ጊዜ ግን ጡቶቿ ወተት የሞሉ ነበሩ። ያን ያህል የተቈጣችው ልጆቿን ለመከላከል እንደ ነበረ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ፈልገው ከተወለዱ ጥቂት ቀን ብቻ የሆናቸው ሦስት ሴት ደቦሎች አገኙና ወደ ሰፈር ይዘዋቸው ተመለሱ።

ወዳጅነቱ እንግዲህ የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው። እናታቸውን የገደለው እጅ እነርሱን አንሥቶ አሳደገ። ወይዘሮ ጆይ በመጽሐፋቸው ይህን አልሸሸጉም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው በዚሁ ነው። ታሪኩን ለልጆች የሚያሳጥሩ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ደቦሎቹን እናት አልባ ሆነው የተገኙ አድርገው ብቻ ያልፉታል። ልጅ ግን እናታቸው የት ሄደች ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ደቦሎቹን በማሳደግ በኩል መጀመሪያ የረዳች ሰው ሳትሆን ሽኮኮ ናት። ወይዘሮ ጆይ ከስድስት ዓመት በላይ በቤታቸው ያኖሯት ፓቲ የምትባል ሽኮኮ ነበረቻቸው። ይህች ትንሽ ፍጥረት ሦስቱን ደቦሎች እንደ ሞግዚት ሆና ትጠብቃቸው፣ ሲረብሹም ትቈጣቸው ነበር። በደጋውም በቆላውም ያለ የአገራችን ልጅ ሽኮኮን ከገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ያውቃታል፤ አንበሳን የምታሳድግ ሽኮኮ ግን ተረት ፈጣሪ እንኳ ቢያወራት የሚያምነው አያገኝም ነበር። ደቦሎቹ ሲያድጉ ሞግዚቲቱን በቁመት ቢበልጧትም ማክበራቸውን ወዲያው አልተዉም።

ሦስት አንበሶችን በቤት ማሳደግ ስለማይቻል፣ ጥቂት ወራት በሞላቸው ጊዜ ሁለቱ ታላላቆች ወደ ሆላንድ አገር፣ ወደ ሮተርዳም የአራዊት ማኖሪያ ተላኩ። የቀረችው ትንሿና ደካማዋ ኤልሳ ናት። የዕለት ተዕለት ጠባቂዋ ኑሩ የሚባል ሰው ነበረ፤ አስቀድሞ የአትክልት ሠራተኛ ሲሆን ኋላ ለደቦሎቹ ተመደበ። ማኬዴ የሚባልም የአራዊት ዘበኛ በየጉዞው ጠብመንጃ ይዞ ይከተላት ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ በስም ተጠቅሰዋል፤ በልጆች አፍ ግን ስማቸው አይገኝም። ኤልሳን ግን ከማንም ይልቅ ብዙ ሰዓት አብረዋት የዋሉት እነርሱ ናቸው።

ኤልሳ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲሆናት ከጌቶቿ ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው፣ ተጓዘች። ጉዞው ማርሳቢትን አልፎ የጫልቢን በረሃ አቋርጦ በኖርዝ ሆር በኩል ነበር፤ ይህም ከሞያሌ በስተ ምዕራብ ያለው፣ የገብራ ግመሎች የሚሰማሩበት አገር ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ተጓዙ። ዕቃው በአህዮች ተጭኖ ስለ ነበረ፣ አህዮቹ ሲጫኑና ሲራገፉ አንበሳዪቱ ታስራ መቈየት ግድ ሆነባት። ለአህያ አንበሳ የመንገድ ጓደኛ ሆኖ አያውቅምና ማንም አይፈርድባቸውም። ቀኑ ሲግል ከጥላ ሥር ትተኛለች፤ ጧትና ማታ ከሰዎቹ እኩል ትራመዳለች፤ ውሃ ባገኘች ጊዜም ትዋኛለች። ይህ ክፍል ለልጆች እጅግ የሚጥም ነው፤ የበረሃው ትምህርትም ያለው እዚሁ ነው፤ በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ስፍራ ሁሉ ውሃው፣ ድንጋዩና ሰው ያለበት መሆኑ ይታያልና።

ይሁን እንጂ የታሪኩ ልብ ከዚህ በኋላ ነው። ኤልሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት በነጻነት የማትኖርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ጥያቄ ተነሣ። የተለመደው መፍትሔ እንደ እኅቶቿ ወደ አራዊት ማኖሪያ መላክ ነበር። ባልና ሚስቱ ግን ወደ ዱር ሊመልሷት ቈረጡ። ይህ በዚያ ዘመን እንደ እብደት የሚቈጠር ነገር ነበረ፤ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ማደንን አያውቅም፣ ሌሎች አንበሶችም ይገድሉታል፣ ሰውንም ስለማይፈራ ለመንደር አደገኛ ይሆናል ይባል ነበርና። ሦስቱም ሥጋቶች ባዶ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። አራዊት የሞላበት ሩቅ ስፍራ ተመርጦ ብትወሰድም፣ አየሩና ዝናቡ ካደገችበት ከደረቁ ቆላ ጋር የማይስማማ ስለ ነበረ ታመመች፣ ከሳች። ጥቂት ቀን ትተዋት ሄደው ሲመለሱ ተርባ ካስቀመጧት ስፍራ ትጠብቃቸው ነበር። ከዚህም በኋላ በ1958 ዓ.ም. በሜሩ አገር በኡራ ወንዝ ዳር፣ ከትውልድ ስፍራዋ ጋር በአየር በሚመሳሰል ቆላ፣ እንደገና ተሞከረ። መንገዱ ትዕግሥት ነበረ፤ መጀመሪያ ሥጋ እየሰጡ፣ ቀጥሎ የሞተ አውሬ እንድትከፍት እያስተማሩ፣ ኋላም ለቀናት፣ ለሳምንታት ብቻዋን እየተዉ። ሲመለሱ ሚስተር ጆርጅ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ እርሷም ድምፁን ሰምታ ትመጣለች። በመጨረሻ የመጣችው ጠግባ ነው። ሥጋ ሲቀርብላት የማትበላበት ቀን መጣ፤ ባልና ሚስቱ ለዓመታት የደከሙትም ይህችን ቀን ለማየት ነበር።

ከዚህ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኤልሳ አንድ ቀን በወንዙ ውስጥ ጎሽ ያዘች። ጎሹ ገና ሳይሞት ኑሩ ወደ ውሃው ገባና በቢላዋ አንገቱን ለመቍረጥ ቀረበ፤ ሙስሊም ስለ ነበረ፣ ሥጋው በሃይማኖቱ ሥርዓት ካልታረደ ሊበላው አይችልምና። አንበሳ ከያዘው ግዳይ ላይ ቢላዋ ይዞ የቀረበ ሰው ምን እንደሚያገኘው ማንም ያውቃል። ኤልሳም መጀመሪያ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ተቈጣች። ሰውየው ኑሩ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ግን ተወችው፤ እርሱም አረደ። በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ጎረቤቶች በሞሉበት አገር የአንበሳና የሙስሊም እርድ በአንድ ወንዝ ውስጥ ሲስማሙ ማየት ከፊልሙ ሁሉ ይልቅ በልብ የሚቀር ነው።

በዲሴምበር 1959 ዓ.ም. ኤልሳ ከዱር አንበሳ ሦስት ደቦሎች ወለደች። በፌብሩዋሪ 1960 ዓ.ም. ወንዙን አሻግራ ወደ አሳዳጊዎቿ ሰፈር አመጣቻቸው፤ ጄስፓ፣ ጎፓና ትንሿ ኤልሳ ተባሉ። አሳዳጊዎቿ ግን ደቦሎቹን እንደ እናታቸው ሊያለምዷቸው አልፈለጉም። በጃንዋሪ 24 ቀን 1961 ዓ.ም. ኤልሳ በመዥገር በሚተላለፍ የደም በሽታ ሞተች። ወይዘሮ ጆይ ናይሮቢ ነበሩ፤ በሌሊቱ አጠገቧ የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ናቸው። ዕድሜዋ ገና አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ከመሞቷ አስቀድሞም የአገሩ ምክር ቤት ኤልሳና ልጆቿ ከስፍራው እንዲወሰዱ አዝዞ ነበር። ከሞተች በኋላ ገና አደን ያልለመዱት ደቦሎች ወደ ፍየል በረት መግባት ጀመሩ፤ ጄስፓም በቀስት ተወጋ። ስለዚህ በዚያው በ1961 ዓ.ም. ሦስቱም ተይዘው ወደ ታንጋኒካ፣ ወደ ሴሬንጌቲ ተወሰዱ። በብዙ መጻሕፍት ይህ ሲነገር ፍየል ጠባቂዎቹ የታሪኩ ጠላቶች መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ፍየል በዚያ አገር ጨዋታ አይደለም፤ የልጅ ወተት፣ የክፉ ቀን ገንዘብና የሙሽራ ጥሎሽ ነው። ቀስት የያዘው ሰው እንደ ሚስተር ጆርጅ ሁሉ የሚጠብቀው ነበረው። ልዩነቱ የእርሱን መጽሐፍ የጻፈለት አለመኖሩ ነው።

የወይዘሮ ጆይ መጽሐፍ በ1960 ዓ.ም. በለንደን ታተመ። ስሙ ቦርን ፍሪ ሲሆን ትርጉሙ ነጻ ሆና የተወለደች ማለት ነው። አስቀድሞ ብዙ አሳታሚዎች አልቀበልም ብለውት ነበር፤ ከታተመ በኋላ ግን በዓለም ላይ ከተሸጡት መጻሕፍት ግንባር ቀደም ሆነ፣ ወደ ብዙ ቋንቋም ተተረጐመ። በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. ሁለት ተከታይ መጻሕፍት ወጡ። ከመጽሐፉ የተገኘው ገንዘብ በኤልሳ ስም ለተቋቋመ የአራዊት ጥበቃ ማኅበር ዋለ፤ ሜሩም በ1966 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ፊልሙ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ባልና ሚስቱን ሆነው የተጫወቱት በእውነትም ባልና ሚስት የነበሩት ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ናቸው፤ ሙዚቃውም ሁለት የኦስካር ሽልማት አገኘ። ፊልሙን ለመሥራት ብዙ አንበሶች ያስፈልጉ ስለ ነበረ፣ በዚህ ከተባበሩት መካከል ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል።

ፊልሙ በኬንያ ደጋ በሚነሣበት ወራት የሰሜኑ ጠረፍ በሌላ ነገር ላይ ነበር። ኬንያ በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ፣ ወሩ ሳያልቅ በሰሜኑ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከሶማሊያ ጋር እንቀላቀል የሚሉት ሽፍቶች የከፈቱት ጦርነት እስከ 1967 ዓ.ም. ቈየ፤ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ቦረናም ከብቱን አጣ፣ በሰፈር ታጐረ። የዓለም ሕዝብ በሲኒማ ቤት ስለ አንዲት አንበሳ ነጻነት ሲያለቅስ፣ የአንበሳዪቱ አገር ሰዎች ያለ ፈቃድ ከመንደር መውጣት አይችሉም ነበር። ይህን ማለት የኤልሳን ታሪክ ማጣጣል አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ዘመንና በአንድ አገር የሆኑ ስለ ሆኑ በአንድ የታሪክ ትምህርት ሊነገሩ ይገባል ማለት ነው።

የአማርኛ አንባቢ ወደዚህ ታሪክ የሚመጣው ባዶ እጁን አይደለም። በልቡ ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንደኛው የአንበሳ ጎፈር በራሱ ያሰረ፣ ግዳይ ጥሎ የሚፎክር ጀግና ነው፤ በቦረናም ዘንድ አንበሳ የገደለ ሰው የተከበረ ነበር። ሁለተኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታየው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ በስድሳ አንበሳና በስድሳ ነብር ተከበው በዝቋላ የኖሩት ጻድቅ። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ አንበሳውን አሳድጎ፣ ወድዶ፣ ኋላ ከእኔ ተለይ ብሎ ማደን የሚያስተምር ሰው የለም። ጀግናው ይገድለዋል፤ ጻድቁ ከእርሱ ጋር ይኖራል። የኤልሳ ታሪክ አዲስነቱ ወዳጅነቱ መለያየትን ግቡ ማድረጉ ነው፤ ተማሪም ደጋግሞ ሊጠየቅበት የሚገባው ይህ ነው። በሞያሌ የከብት አርቢ ልጅ ፊት ይህን የሚያስተምር መምህር ግን ሌላም ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ነጻ የወጣው አንበሳ የሚበላው የማንን ላም ነው? ልጁ ይህን ሲጠይቅ ታሪኩ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ከማንም የበለጠ ገብቶታል።

ባልና ሚስቱ ኋላ ተለያይተው ኖሩ፤ እርሳቸው ከአንበሶች ጋር በኮራ፣ እርሷቸው ከነብርና ከአቦሸማኔ ጋር። በጃንዋሪ 3 ቀን 1980 ዓ.ም. ወይዘሮ ጆይ በሻባ ሞተው በተገኙ ጊዜ አንበሳ ገደላቸው ተብሎ ተወራ፤ ምርመራው ግን የገደላቸው ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ሚስተር ጆርጅም በኦገስት 20 ቀን 1989 ዓ.ም. በኮራ በሽፍቶች ጥይት ወደቁ። የወይዘሮ ጆይ አመድ በሜሩ ከኤልሳ መቃብር ላይና ፒፓ ከምትባለው አቦሸማኔያቸው መቃብር ላይ ዐረፈ።

ፊልሙን የተጫወቱት ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀድሞ ኑሯቸው አልተመለሱም። ከኬንያ ወደ ለንደን የአራዊት ማኖሪያ የተላከች ፖሌ ፖሌ የምትባል ዝሆን በ1983 ዓ.ም. ስትሞት በማዘን፣ በማግሥቱ ዓመት በእስር ላይ ስላሉ አራዊት የሚከራከር ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ኋላ በመጽሐፉ ስም ቦርን ፍሪ ተባለ። ይኸው ማኅበር በኢትዮጵያ በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማእከል ከፍቶ፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና ሌሎች አራዊትን ይጠብቃል፤ ትምህርትም ይሰጥበታል። በዚያ ካሉት አንበሶች ከሕፃንነታቸው በሰንሰለትና በጠባብ በረት ያደጉት ወደ ዱር አይመለሱም፤ ማደን የሚያስተምራቸው አላገኙምና። በሰፊ አጥር ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝተው ይውላሉ፤ ሥጋቸውን የሚያቀርብላቸው ጠባቂ ሲመጣም ከሩቅ ያውቁታል።